እህቴ ስላልዋኘችው ዋና

ለተከበሩ የሐይቅ ዳር መዝናኛ ፓርክ ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ በሰባት ቁጥር የድንኳን ቦታ ላይ ስለተጻፈው የጥፋት ወረቀት እና ስለ ጉልበቴ

የተከበሩ ሆይ፣

ከሁሉ በፊት የእርስዎን፣ የቤተሰብዎንና በቢሮዎ መስኮት ላይ የተቀመጠችውን አበባ ጤንነት በአክብሮት እጠይቃለሁ። ባለፈው ወር ልጠይቅዎ መጥቼ ባላገኝዎም አበባዋን በመስታወቱ በኩል አይቻታለሁ፤ ቅጠሏ ጠውልጎ ነበር። ውሃ እንዲህ በተትረፈረፈበት ግቢ አንዲት አበባ መጠማቷ ሲያሳስበኝ ሰነበተ። እኔ ትንንሽ ነገር የሚያሳስበኝ ሰው ነኝ። ትልልቁን ነው ዝም ብዬ የማልፈው።

ይህን ደብዳቤ በአስተያየት መስጫ ሣጥናችሁ ለማስገባት ሞክሬ ነበር። ሆኖም ሣጥኑ የተሰቀለበት ምሰሶ ዛሬ ሐይቁ ውስጥ ነው ያለው፤ በሣጥኑም ውስጥ ብዙ አስተያየት ያላቸው የሚመስሉ እንቁራሪቶች ሰፍረውበታል። ስለዚህ በጋዜጣ ለማውጣት ተገድጃለሁ። በጋዜጣ የማወጣበት ሌላም ምክንያት አለኝ። እሱን ወደ መጨረሻው እነግርዎታለሁ፤ ድፍረቱ እስከዚያ ከቆየልኝ።

እኔ በብየዳ የምተዳደር፣ አርባ አራት ዓመት የሞላኝ፣ በር፣ የመስኮት ፍርግርግና የደረጃ መደገፊያ የምሠራ ሰው ነኝ። ቁመቴ አንድ ሜትር ከዘጠና ሁለት ነው። ቁመቴን የጠቀስኩት ለጉራ አይደለም፤ በጉዳዩ ውስጥ ስላለበት ነው፣ ሲደርሱበት ያዩታል። እህቴ በሰባት ዓመት ትበልጠኛለች፤ በትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ትሠራለች፤ ቁመቷ አንድ ሜትር ከሃምሳ አንድ ነው። ይኸም በጉዳዩ ውስጥ አለበት።

ቅሬታዬን ከማቅረቤ በፊት ማመስገን ይገባኛል። አሸዋችሁ ንጹሕ ነው። የተዘረጋው በልክ ነው፤ ጠጠር የለበትም፤ በባዶ እግር ሲረግጡት ይሞቃል። ይህን የምመሰክረው ከበሩ እስከ ስድስት ቁጥር ድረስ ስላለው አሸዋ ነው። ከስድስት ቁጥር ወዲያ ያለውን በዓይኔ አላየሁትም፤ በእግሬ ነው የዳሰስኩት።

ወደ ቅሬታዎቼ ልለፍ።

1ኛ. ስለ በሩ።

ሰባት ቁጥርን በስልክ ያስያዘችው እናቴ ናት። ሰባ ስድስት ዓመቷ ነው። ለእኔ ደውላ «አንድ ቀን እንኳ ሐይቅ ዳር አሸዋ ላይ ልደር፣ ድንኳን ይዘህ ና» አለችኝ። ለእህቴም ያንኑ ተናገረች፤ ለእሷ የተለወጠው ነገር በድንኳን ፈንታ ብርድ ልብስ መባሉ ብቻ ነው። አብራት የምትኖረውን እህቴን «ቀድመሽ ሂጂ፣ እከተልሻለሁ» ብላ ላከቻት፤ አንዳችን ስለ ሌላችን አልተነገረንም። ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በፓርካችሁ በር እኔ ድንኳን ተሸክሜ፣ እህቴ ብርድ ልብስ ታቅፋ፣ ፊት ለፊት ተገጣጠምን። ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሙሉ ቃል ተለዋውጠን አናውቅም ነበር።

እናቴ አልመጣችም። እህቴ ደወለችላት። እኔ አጠገቧ ቆሜ፣ የማያገባው ሰው እንደሚያደርገው ወደ ሌላ እያየሁ አዳመጥኩ። «ጉልበቴ እምቢ አለኝ፤ እናንተ ግቡ፣ ቦታው ተይዟል» ብላ ዘጋችው።

ሁለታችንም ፊታችንን ወደ መጣንበት አዞርን። በዚህ ጊዜ ነው በበሩ ላይ የተቀመጡት ባልደረባዎ፣ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ከፍ አድርገው፣ በመዝገባቸው ላይ «ሁለት ሰዎች ገብተዋል» የሚል መጻፋቸውንና የመውጫ ወረቀት የሚሰጠው እሁድ ጠዋት በሁለት ሰዓት መሆኑን በትሕትና የገለጹልን። እስካሁን አልገባንም ብላቸው «መዝገቡ ላይ ግን ገብታችኋል» አሉኝ። በእርግጥም በመዝገቡ ላይ ገብተናል። አየሁት፤ ጽሑፋቸው ያምራል። እህቴ ከእኔ ይልቅ ከመዝገቡ ጋር ተጣልታ ለመሄድ ስታስብ ከቆየች በኋላ ብርድ ልብሷን አስተካክላ ገባች። እኔም ከኋላዋ፣ አሥር እርምጃ ያህል ርቄ ገባሁ።

ለዚህ ባልደረባዎን አመሰግናለሁ። ምጸት አይደለም። ምጸት ሲሆን እነግርዎታለሁ።

2ኛ. ስለ ካርታው።

የተሰጠንን ካርታ ይዘን ቁጥር የተጻፈባቸውን እንጨቶች እየቆጠርን ሄድን። አራት ቁጥር አሸዋ ላይ ነው። አምስት ቁጥር አሸዋ ላይ ነው። ስድስት ቁጥር አሸዋ ላይ ነው፤ ጥላ የሚሰጥ ዛፍም አለው። ሰባት ቁጥር ግን ከዳርቻው አሥራ አምስት እርምጃ ወደ ውስጥ፣ ሐይቁ መሐል፣ የላይኛውን ግማሹን ብቅ አድርጎ ቆሟል። ጫፉ ላይ አንዲት ወፍ ነበረች። ቁጥሩን በእግሯ ሸፍናው ስለነበር ሰባት መሆኑን ያወቅነው እስክትነሳ ጠብቀን ነው።

ተመልሼ ወደ በሩ ሄድኩ። ባልደረባዎ ካርታውን ወደ እኔ አዙረው ሰባት ቁጥርን በጣታቸው አሳዩኝ። ቢጫ ነው። ቢጫ አሸዋ ነው። ውሃ ሰማያዊ ነው። ሐይቁ ባለፈው ክረምት ሞልቶ እስከዚያ መምጣቱን ስነግራቸው አልካዱም፤ እሳቸውም በየቀኑ ያዩታል። ነገር ግን ካርታው ፊርማና ማኅተም አለው። ካርታው ጸድቋል፤ የሐይቁ መምጣት ግን ገና አልጸደቀም። እንግዲያውስ አራት፣ አምስትና ስድስት ቁጥር ባዶ ናቸውና ከእነሱ አንዱን ይስጡን ብላቸው፣ «እነሱ እኮ አልተያዙም» አሉኝ። ስላልተያዙ ነዋ የምጠይቅዎ ብላቸው፣ ግራ በገባው ዓይን ሲያዩኝ ከቆዩ በኋላ «ባልተያዘ ቦታ ላይ ሰው እንዴት ይሰፍራል?» ብለው ጠየቁኝ። ቦታ ለመለወጥ ከሦስት የሥራ ቀን በፊት በጽሑፍ ማመልከት ያስፈልጋል። ቅዳሜ ደግሞ የሥራ ቀን አይደለም።

ጥያቄያቸው እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። ባልተያዘ ቦታ ላይ ሰው እንዴት ይሰፍራል? አንዳንድ ቀን የብየዳ ማሽኔን አጥፍቼ፣ የፊት መከላከያዬን ወደ ላይ ገልብጬ አስበዋለሁ።

ከአሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ ማንም ሰፋሪ ከተመደበበት ቦታ ውጭ እንዳይገኝ በበሩ ላይ በትልቁ ተጽፏል። ስለዚህ ሱሪዬን አጥፌ፣ ድንኳኑን በራሴ ላይ አድርጌ፣ ሐይቁ ውስጥ ገባሁ። እህቴም ጫማዋን አውልቃ፣ ብርድ ልብሷን በራሷ ላይ ተሸክማ፣ ከኋላዬ ገባች። እህቴ ውሃ ትፈራለች። ልጅ ሆነን ቦይ ስንሻገር እንኳ ዓይኗን ትጨፍን ነበር። አሁንም ስትጨፍን አየኋት። እጄን አልሰጠኋትም። ሳንነጋገር ከርመናልና እጅ መስጠት በምን በኩል እንደሚጀመር ጠፋኝ።

ድንኳኑ ተተከለ። «ተተከለ» ትክክለኛው ቃል መሆኑን እጠራጠራለሁ። እሷ አንዱን ምሰሶ ይዛ፣ እኔ ሌላውን ይዤ፣ ካስማውን በእግሬ እየዳሰስኩ በአሸዋው ውስጥ ሰካሁት። አንድ ትንሽ ዓሣ በበሩ ገብቶ በመስኮቱ ወጣ። በዚያ ቤት ውስጥ እንደልቡ የሚንቀሳቀስ እሱ ብቻ ነበር።

3ኛ. ስለ ጉልበት።

ልክ በአሥራ ሁለት ሰዓት ተቆጣጣሪያችሁ መጣ። ወጣት ነው፤ የጎማ ቦት ጫማው እስከ ጭኑ ይደርሳል፤ አንገቱ ላይ ፊሽካ፣ በእጁ ወረቀት የታሰረበት ጣውላ ነበረው። ድንኳኑን ዞሮ አየ። ካስማው በደንብ መመታቱን በእግሩ ሞክሮ «ጎበዝ» አለኝ። ከዚያ ደንቡን አወጣና አንቀጽ አሥራ አራትን አነበበልን፤ ከአሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ መዋኘት ክልክል ነው፤ መዋኘት ማለት አንድ ሰው ከጉልበቱ በላይ ውሃ ውስጥ ሆኖ መገኘት ነው።

ጎንበስ ብሎ የእኔን ጉልበት አየ። ውሃው ከጉልበቴ በሁለት ጣት ዝቅ ይላል። ሰፋሪ ነኝ።

የእህቴን አየ። ውሃው ጉልበቷን በአራት ጣት አልፎታል።

«ይቅርታ እናቴ» አላት፣ በእውነት ተቸግሮ፤ «እየዋኙ ነው።»

እህቴ ቆማ፣ በአንድ እጇ ምሰሶ ይዛ፣ በራሷ ላይ ብርድ ልብስ ተሸክማ፣ «ልጄ፣ እኔ መዋኘት አልችልም» አለችው።

«ስለማይችሉ እኮ ነው የተከለከለው» አላት።

የተከበሩ ሆይ፣ ይህ ወጣት ክፉ ሰው አይደለም። መፍትሔ ሲፈልግላት አይቻለሁ። ከውሃው ትውጣ ብንል ከአሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ ከተመደበበት ቦታ የወጣ ሰፋሪ ትሆናለች፤ ይህ አንቀጽ ዘጠኝ ነው፣ እሱም ከአሥራ አራት የባሰ ነው። እዚያው ትቁም ብንል ዋናተኛ ናት። ወጣቱ ራሱን አከከ። ሐይቁን አየ። እህቴን አየ። በመጨረሻ በረጅሙ ተንፍሶ ወረቀቱን ሞላ፤ ስም፣ አድራሻ፣ የሥራ ቦታ፣ የጥፋቱ ዓይነት፦ ዋና።

ከወረቀቱ ግርጌ የምስክር ፊርማ የሚል አለ። በአንቀጽ አሥራ ሰባት መሠረት ምስክሩ በቦታው የነበረና ራሱ ያላጠፋ ሰው መሆን አለበት። ወጣቱ ብዕሩን ወደ እኔ ዘረጋ።

ፈረምኩ።

ይህን ዓረፍተ ነገር ብዙ ጊዜ አርዝሜው ነበር። ብዕሩ በድንገት ስለቀረበልኝ፣ ቀኑ እየመሸ ስለነበር፣ ወጣቱ ስላሳዘነኝ፣ ወዘተ እያልኩ። ሁሉንም ሰርዤ ይኸው ነው የቀረው። ፈረምኩ።

እህቴ አየችኝ። ከዚያም ፊቷን ከእኔ ሳትመልስ፣ ለወጣቱ «እሱን ማስፈረምህ ጥሩ ነው፤ አይቶ ዝም ማለት ይችልበታል» አለችው። ከሁለት ዓመት ከአራት ወር በኋላ ስለ እኔ የተናገረችው የመጀመሪያ ቃል ነው።

4ኛ.

አራተኛው ቅሬታ በእርስዎ ላይ አይደለም። ቁጥሩን ግን ስለጻፍኩት መተው አልቻልኩም።

በእናቴ ቤት በር ላይ አምስት ደረጃ አለ። መደገፊያ የለውም። የምተዳደረው መደገፊያ በመሥራት መሆኑን ከላይ ተናግሬያለሁ። ደረጃውን ለክቻለሁ፤ ብረቱን ቆርጫለሁ፤ ከዚያ ብረቱ በሥራ ቦታዬ ጓሮ በር ጥግ ቆመ። የሌላ ሰው ሥራ ይመጣል፤ የሌላው ይቀድማል፤ እናት አትቸኩልም። ስምንት ወር ቆመ። በስምንተኛው ወር እናቴ ከሦስተኛው ደረጃ ወደቀች። ጉልበቷ ነው የተጎዳው።

ከእናቴ ጋር የምትኖረው እህቴ ናት። በሆስፒታሉ መተላለፊያ፣ በተደረደሩት የፕላስቲክ ወንበሮች ላይ ዘመድ ሁሉ ተቀምጦ ሳለ፣ አጎቴ እህቴን «አንቺ እያለሽ?» አሏት። ሌላ አልጨመሩም። ሁሉም ሰው ወደ እሷ ዞረ። እሷ ወደ እኔ ዞረች። እሷ ብቻ ነበረች ስለ ብረቱ የምታውቀው። እኔ የወለሉን ንጣፍ አየሁ። ከወንበሬ እስከ ግድግዳው አሥራ ዘጠኝ ንጣፍ ነው። እሷም የብረቱን ነገር ለማንም ሳታወጣ፣ ጥፋተኛ ሆና ተነስታ እናቴ ወዳለችበት ክፍል ገባች።

ዘመድ እህቴ አኮረፈች ይላል። እህቴ አላኮረፈችም። እኔ ነኝ ፊቷን ማየት ያቃተኝ፤ ሰው ደግሞ የሸሸውን ትቶ የቀረውን አኮረፈ ይላል።

እንግዲህ ሰባት ቁጥር ላይ ብዕሩን ስቀበል ምን እንዳደረግሁ ይገባዎታል። ለሁለተኛ ጊዜ ነበር። በመጀመሪያው ቢያንስ አልፈረምኩም።

5ኛ. ወደ ቅሬታዬ ስመለስ፤ ስለ መታዘል።

ወጣቱ ከመሄዱ በፊት በአንድ ሰዓት ተመልሶ እንደሚመጣ፣ ያኔም ዋናተኛ ሆና ካገኛት ሁለተኛ ወረቀት ለመጻፍ እንደሚገደድ ነገረን። ጥቂት ተራምዶ ዘወር አለና «ቢያዝሏቸው ግን ጉልበታቸው ከውሃ በላይ ይሆናል» አለኝ። «መታዘልን የሚከለክል አንቀጽ የለም። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንብቤዋለሁ።» እድገት ይገባዋል፤ ይህን በቅንነት ነው የምለው።

ጎንበስ አልኩ። ጀርባዬን ሰጠኋት።

«አንተ ልታዝለኝ?» አለች።

ይህን ለመረዳት ማወቅ ያለብዎ፣ እስከ አራት ዓመቴ ድረስ በእህቴ ጀርባ ላይ የኖርኩ ሰው መሆኔን ነው። እናታችን ሥራ ስትውል እሷ ናት አዝላኝ የምትውል። አዝላኝ ትጫወታለች፣ አዝላኝ ታጠናለች፣ አዝላኝ ትጣላለች። እግሬ ረዝሞ መሬት ሊነካ ሲል ጎረቤት «አውርጂው እንጂ፣ ይኼ ጭራሮ ወገብሽን ሊቆርጠው ነው» ሲላት እሰማ ነበር። ጭራሮ የሚለው ስም የወጣልኝ ከዚያ ነው።

ጀርባዬ ላይ ወጣች። ብርድ ልብሱ በእሷ ራስ ላይ፣ እሷ በእኔ ጀርባ ላይ፣ እኔ በእናንተ አሸዋ ላይ። ሕግ ተከበረ። ነገር ግን አሸዋችሁ ከላይ እንዳመሰገንኩት ለስላሳ ነው፤ ሁለት ሰው ሲቆምበት ይሰምጣል። እግሬ በዝግታ ወደ ታች ሄደ። ውሃው መጀመሪያ ጉልበቴን ነካ፤ ቀጥሎ ጉልበቴ ላይ ቆመ፤ ቀጥሎ አለፈው። የተከበሩ ሆይ፣ ዋኘሁ። አልተንቀሳቀስኩም፣ ግን ዋኘሁ። የሚጽፈው ሰው አጠገቤ አልነበረም።

ፊቷን ስለማላይ ቀለለኝ መሰለኝ። ፊት ለፊቴ ላለው ውሃ ተናገርኩ። ብረቱ ያኔ ተቆርጦ እኔ ጋ እንደነበር፣ አሁንም እንዳለ፣ አጎታችን ሲጠይቋት ልነሳ ብዬ እንዳልተነሳሁ፣ ንጣፍ እንደቆጠርኩ።

ከዚያ ከጆሮዬ ኋላ «አሥራ ዘጠኝ ነው?» አለች።

አዎ አልኳት።

«እኔም ቆጥሬዋለሁ» አለች። ቀጥላም «ለእኔ ምን ትነግረኛለህ፣ ጭራሮ? እኔ አውቀዋለሁ። ለማያውቀው ንገር» አለች። ይቅርታ አላደረገችልኝም፤ አልከለከለችኝምም። አድራሻውን ነው ያስተካከለችልኝ። ትንሽ ቆይታ ደግሞ «ቀና በል እንጂ፣ እግሬን ውሃ ነካኝ» አለች።

ወጣቱ በአንድ ሰዓት መጣ። ባትሪ አልያዘም ነበር፤ የእሷን ጉልበት በእጁ ዳስሶ ከውሃ በላይ መሆኑን አረጋገጠና «ጥፋት የለም» ብሎ ጻፈ። የእኔን እንዲዳስስ የታዘዘ አልነበረም። ከዚያ በኋላ ብርድ ልብሱን በድንኳኑ ምሰሶና በሰባት ቁጥር እንጨት መካከል ወጥሬ አሰርኩላትና ተኛችበት። እኔ ቆሜ አደርኩ። እሁድ ጠዋት በሁለት ሰዓት የመውጫ ወረቀታችን ተሰጠን። በወረቀቱ ላይ «ቆይታዎ አስደሳች እንደነበር እናምናለን» ይላል። ማመን መልካም ነው።

እንግዲህ ጉዳዩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ባላስቸገርኩዎ። ነገር ግን በደንባችሁ መሠረት የጥፋቱ ወረቀት ግልባጭ ወደ እህቴ ትምህርት ቤት ተልኳል። «ከተፈቀደው ሰዓት ውጭ ስትዋኝ የተገኘች መሆኗን በምስክር አረጋግጠናል» ይላል። ሃያ ስድስት ዓመት በቤተ መጻሕፍት ውስጥ «ድምፅ ቀንሱ» ከማለት በቀር ድምፅዋ ያልተሰማ ሴት፣ ለርእሰ መምህሩ በጽሑፍ መልስ እንድትሰጥ ተጠይቃለች። ርእሰ መምህሩም ከማን ጋር እንደዋኘች ለማወቅ ይፈልጋሉ። መምህራኑ ሲያገኟት ድምፃቸውን ይቀንሳሉ፤ ይህን ሃያ ስድስት ዓመት ስትለምናቸው የኖረችው ነገር ነው፣ አሁን ተሳካላት። መልስ አልጻፈችም። አትጽፍምም። ያልሠራችውን ተሸክማ ዝም ማለት ለምዳለች፤ ያስለመድኳት እኔ ነኝ።

ስለዚህ የምለምንዎ የሚከተለውን ነው።

እህቴ ላይ የተጻፈው ወረቀት ዋጋ የለውም። የሐይቁን መሙላት አንስቼ አልከራከርዎም፤ ገና ያልጸደቀ ነገር ማስረጃ እንደማይሆን ተምሬያለሁ። የምከራከርዎ በደንባችሁ ነው። ወጣቱ አጭር ነው፤ ጣውላውን የዘረጋልኝ ከወገቤ በታች ነው። እኔ ደግሞ ረጅም ነኝ። ለመፈረም ጉልበቴን አጠፍኩ። ጉልበቴን ሳጥፍ ጉልበቴ ውሃ ውስጥ ገባ። ሰዓቱ ከአሥራ ሁለት አልፎ ነበር። በዚያች በፈረምኩባት ቅጽበት፣ የተከበሩ ሆይ፣ እየዋኘሁ ነበር። በአንቀጽ አሥራ ሰባት መሠረት ያጠፋ ሰው ምስክር ሊሆን አይችልም። ፊርማዬን አውጥተው ይመልከቱት፤ የመጨረሻው ፊደል ጭራ በውሃ ፈዟል። ያ የዋናተኛ ፊርማ ነው።

የእህቴ ስም ተሰርዞ ለትምህርት ቤቷ በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ እለምናለሁ። ባዶውን መስመር መተው ደንብ የማይፈቅድ ከሆነ የእኔን ስም ይጻፉበት። ጉልበቴን ማስለካት ካስፈለገ በሥራ ሰዓት እመጣለሁ።

በጋዜጣ ያወጣሁበትን ሌላውን ምክንያት አሁን ሳያውቁት አልቀሩም። አጎቴ ጋዜጣ ያነባሉ። ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው፣ የሐዘን ማስታወቂያውን ጭምር። ደረጃውን በተመለከተም ይህን እንዲያውቁ እፈልጋለሁ፤ መደገፊያው ባለፈው እሁድ ተተክሏል። ዝገቱን ፍቄ፣ ሁለት እጅ ቀለም ቀብቼ፣ አምስቱንም ደረጃ ይዞ። የፈጀብኝ ሦስት ሰዓት ነው። እናቴ ይዛው ወረደች፣ ይዛው ወጣች፣ «ቀለሙ ገና አልደረቀም» ብላ እጇን አሳየችኝ። እህቴ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ስጨርስ ውሃ አመጣችልኝ። በብርጭቆ ነው፤ ከጉልበት በታች።

እስከዚህ ላነበቡበት ትዕግሥት፣ ለማያጠያይቀው ካርታዎ፣ ለማይነቃነቀው መዝገብዎ፣ ከሁሉም በላይ ግን ሁለት ዓመት ዘመድ ሸምግሎ ያላቀራረበውን ወንድምና እህት በአንድ አንቀጽ ጀርባና ደረት ላደረገው ደንብዎ፣ ጎንበስ ብዬ (አሁን በደረቅ መሬት ላይ) ምስጋናዬን አቀርባለሁ።

ከማያቋርጥ አክብሮት ጋር፣

የሰባት ቁጥር እውነተኛው ዋናተኛ
(ፊርማ፣ በደረቅ ጉልበት)

ግልባጭ፦
— ለርእሰ መምህሩ፤ ከማን ጋር እንደዋኘች ለጠየቁት። አልዋኘችም። የዋኘሁት እኔ ነኝ፤ እሷ ታዝላ ነበር።
— ለአጎቴ፤ በሆስፒታሉ መተላለፊያ ላይ የጠየቁት ጥያቄ ከእህቴ ተነስቶ ወደ እኔ እንዲዛወርልኝ። መልሱ፦ «እኔ እያለሁ» ነው።
— ለእናቴ፤ ጉልበቷ ያን ቀን በእውነት እምቢ ብሎ እንደሆነ እንድትነግረን።
— ለእህቴ፤ ለማያውቀው ነግሬያለሁ።

ማስታወሻ፦ ባለፈው ወር ከሐይቁ ዳርቻ እስከ ቢሮዎ ደጃፍ አርባ አንድ እርምጃ ነበር። ትናንት ስለካው ሠላሳ ሦስት ሆኗል። ቢሮዎ በካርታው ላይ ምን ዓይነት ቀለም እንደተቀባ አላውቅም፤ እንደማይነካ ተስፋ አደርጋለሁ። ሆኖም አንድ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ጉልበት ከወለሉ ሃምሳ ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ስለሚል፣ በሚመጣው ክረምት ከአሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ እያመሹ የሚሠሩ ከሆነ እንዲጠነቀቁ በወንድምነት አሳስባለሁ። ድንገት ወጣቱ ወረቀቱን ይዞ ከመጣና ምስክር ካስፈለገ ይጥሩኝ፤ ቁመቴን ያውቁታል፣ ብዕር ይዤ እመጣለሁ።